አክብረው ያደበዘዙት ሰው

ቱሪያ ስትናደድ መጀመሪያ ዝም ትላለች። የሚያውቋት ሰዎች ይህን ሲያዩ ወንበራቸውን ትንሽ ሸሸት ያደርጋሉ። የማያውቋት ነገሩ ያለፈ ይመስላቸውና ወሬያቸውን ይቀጥላሉ፤ ወዮላቸው። ድሬዳዋ ውስጥ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ካለው ፎቶ ቤቷ በቁጣ ያባረረችው ደንበኛ ብዙ ነው። አንዱ የጨርቅ ነጋዴ ፎቶው ላይ አፍንጫዬን አሳንሺልኝ ቢላት፣ አፍንጫህን የሰጠህ አላህ ነው፣ ቅሬታህን ለእሱ አቅርብ ብላ ሰደደችው። ጎረቤቶቿ ቱሪያ ክፉ አይደለችም፣ ውሸት ግን ያሳክካታል ይላሉ።

እንዲህ ያለ ሰው ፎቶ አንሺ ሆኖ መኖሩ ይገርማል። ኖራለች ግን። መጋላ ሰፈር ተወልዳ፣ ገና በልጅነቷ አጎቷ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ገብታ ፊልም ማጠብ ተማረች። አጎቷ ሲሞት ቤቱን ወረሰች። በመሀሉ አገባች፣ ፈታች፤ ስለ እሱ ስትጠየቅ "ፎቶ ላይ ጥሩ ይወጣ ነበር" ከማለት በቀር የምትጨምረው የለም። ከዚያ ስልክ መጣና ሰው ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆነ። የፎቶ ቤቷ በር ላይ ሸረሪት ሊያደራ ሲል ነው "ብቅ በል"ን የጀመረችው።

ብቅ በል ስሙን ያገኘው ከሰፈሩ ሰው ነው። ያለ መነጽር እያዩት፣ የተነሳው ሰው ከወረቀቱ ላይ ተነስቶ ወደ እርስዎ የሚመጣ የሚመስልበት ፎቶ ነው። ቱሪያ ነገሩን የምታውቀው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው። አክስቷ ግድግዳ ላይ ወደ ውስጥ የሚጠልቅ የካዕባ ስዕል ነበር፤ የክርስቲያን ጎረቤታቸው ቤት ደግሞ ዓይኑን የሚከድንና የሚገልጥ የኢየሱስ ስዕል ነበር። ምን ቢኖረው ነው ብላ የአክስቷን ስዕል ፕላስቲክ ልጣ ገነጠለችው። ከሥሩ ያገኘችው ካዕባ ሳይሆን የተምታታ ጭረት ብቻ ነበር። ተገረፈች፤ ያን ጭረት ግን አልረሳችውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካሜራው በአንድ አጭር ሐዲድ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ እየተንሸራተተ ያንኑ ሰው ደጋግሞ ያነሳል። ኮምፒውተሩ እነዚያን ፎቶዎች እንደ ጎመን ቀጫጭን አድርጎ ይከትፋቸውና አንዱን ከአንዱ መሀል ይሰካካቸዋል። ከላይ ሸንተረራም ፕላስቲክ ይለጠፋል። ሸንተረሩ ለግራ ዓይን የግራውን፣ ለቀኝ ዓይን የቀኙን ያድላል። ሰውየው ብቅ ይላል።

ብቅ ማለት ግን ዋጋ አለው፤ የቱሪያም የዘወትር ጠብ ከዚህ ይነሳል። መስኮት ፊት ቆመው ራስዎን ወዲያና ወዲህ ቢያዘነብሉ፣ መስታወቱ ላይ ያረፈች ዝንብ ካለችበት አትነቃነቅም፤ ከመስታወቱ ወዲህና ወዲያ ያለው ሁሉ ግን ይንሸራተታል። ብቅ በልም እንደዚሁ ነው። ልክ ፕላስቲኩ ገጽ ላይ ያረፈ ፊት ጥርት ይላል። ወደ ፊት በወጣ፣ ወይም ወደ ኋላ በጠለቀ ቁጥር ይደበዝዛል፣ አንዱ አፍንጫ ሁለት ይሆናል። ደንበኛ ይህን መስማት አይፈልግም። ወደ ፊት አውጪኝ፣ ገና አውጪኝ ይላል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

ያን ካሜራ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ የሠራላት ጋሽ ወልደማርያም ነው። ጋሽ ወልዴ የባቡር ሐዲድ ጠጋኞች አለቃ ሆኖ ጡረታ የወጣ፣ ድሬ ላይ ሸሚኖ ከሚባሉት የድሮ የባቡር ሠራተኞች በዕድሜ ታላቁ ነው። ወርክሾፕ ያሉ ወዳጆቹን አስቸግሮ፣ አሮጌ ብረት አስልጎ፣ በሁለት እጁ ተሸክሞ አመጣላት። አንቺ ትንሽ ሸሚኖ ሆንሽ አላት። እሷም አንተ ነው የምትለው። ድሬዳዋ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ነው፣ የሚቀየምም የለም።

ጋሽ ወልዴ ቤት ፎቶ የሚባል ነገር አልነበረም። የደቻቱ ወንዝ የሞላ ጊዜ የሠርጋቸውን ፎቶ፣ የወጣትነቱን ፎቶ፣ ሳጥኑን ከነመስታወቱ ጠራርጎ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ መስታወት አልገዛም፤ ጺሙን በእጁ እየዳሰሰ ይላጫል። ሁልጊዜም ከግራ ጉንጩ ሥር አንዲት ቦታ ትቀርበታለች። ሚስቱ እትዬ ዘርፈሽ በየማለዳው በዚያች ጸጉር ትቆጣዋለች፤ የሰፈሩ ሰው ጠዋት መሆኑን በእሷ ቁጣ ያውቃል።

ቱሪያ ና ላንሳህ ብላ ለዓመታት ለምናዋለች። ስልክ ሲደገንበትም ፊቱን ያዞራል። ብቻዬን የምነሳው ለመታወቂያ ወይም ለመቃብር ነው፣ መታወቂያ አለኝ፣ መቃብሩ ይቆይ ይላል። ከዚያ ልቡ መድከም ጀመረ። አንድ ቀን እትዬ ዘርፈሽ ፎቶ ቤቱ መጥታ ደፍ ላይ ተቀመጠችና ሳትቆጣ ተናገረች፤ ቱሪያን ያስደነገጣት አለመቆጣቷ ነው። ሐኪሙ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አልነገራትም። "ሰውየው ከሄደ ምን ይዤ ልቀመጥ?" አለች።

እንግዲህ የሸሚኖዎቹ ዕድር ለአዳራሹ ትልቅ ብቅ በል ላሠራ ሲል፣ ጋሽ ወልዴም ከጓደኞቼ ጋር ከሆነ እነሳለሁ ሲል፣ ቱሪያ ደስታዋን የምታስገባበት አጣች። ደስታው የቆየው የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ጢሞቴዎስ እስኪመጣ ነው።

ጢሞቴዎስ በባቡሩ ዘመን ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጋሽ ወልዴንም ከልቡ ይወዳል። ችግሩ መውደዱን ሰው ካላየለት የወደደ አይመስለውም። ሦስት ረድፍ አሰለፈ። ታላቁ ከሁሉም ፊት፣ ብቻውን፣ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ወደ አዳራሹ የሚገባውን ሁሉ የሚጨብጥ እንዲመስል እጁን ይዘርጋ አለ። ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ጥቁር ኮት አለበሰው፤ ፀጉር አስተካካይ ጠርቶም ሙልጭ አድርጎ አስላጨው።

ቱሪያ ነገረችው። ወደ ፊት በወጣ ቁጥር ይደበዝዛል፤ ሌሎቹን ከፊት አስቀምጥና እሱን መሀል አድርገው አለችው። ጢሞቴዎስ ሰይጣን እንዳየ ሰው አፈጠጠባት። ለታላቅ ጀርባ ይሰጣል? የማን ልጅ ነው እሱን ከኋላው አድርጎ የሚቀመጠው? ሽማግሌዎቹም አጉረመረሙ፣ ነውር ነው አሉ። ቀን ሙሉ አንተ እያሉ፣ እየተሰዳደቡ፣ ካርታ አብረው ሲጫወቱ የሚውሉ ሰዎች ፎቶ ሲመጣ ክብር ትዝ አላቸው። ጢሞቴዎስ ወንበሩን ወደ ፊት ጎተተ፣ ቆም ብሎ አየና ደግሞ ጎተተው። ጋሽ ወልዴ ተያቸው እንደማለት በዓይኑ ጠቀሳት። ቱሪያ ዝም አለች፤ አነሳችም።

ዝምታዋ ያን ቀን ቁጣ ሆኖ አልወጣም። ለምን እንዳልወጣ ኋላ ራሷን ደጋግማ ጠይቃለች። ያን ሁሉ ደንበኛ ለአፍንጫና ለጉንጭ ያባረረች ሴት፣ እውነት የሚያስፈልጋት ቀን ለሽማግሌ ጉርምርምታ ተሸነፈች። ሦስቱንም ረድፍ ላለማጣት ጥራቱን መሀለኛው ላይ አሳረፈች፤ የሚደረገውም እንደዚያ ነው። መሀለኛው ረድፍ ላይ የቆመው ደግሞ ጢሞቴዎስ ነበር።

ፎቶው አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሎ መጋረጃው ሲገለጥ ሕዝቡ ወይ ጉድ አለ። እጅ ከግድግዳው ወጥቶ አየር ላይ ተዘረጋ። አንዳንዱ ሊጨብጠው እየተጠጋ ሳቀ። ጢሞቴዎስ ፊቱ በራ። እትዬ ዘርፈሽ ነጠላዋን አስተካክላ በሰዉ መሀል አለፈች፤ ፊት ለፊት ቆመች። ወደ ግራ አለች፣ ወደ ቀኝ አለች። ጉንጩን ልትነካ እጇን ብትሰድ አየር ዘገነች። ፊቱ ያለበት ቦታ ላይ የሚዋልል ግራጫ ነገር ነበር፤ ሁለት አፍንጫ፣ ዓይን ይሁን ሽብሽብ የማይለይ።

"እጁ መጣ፤ ሰውየው የታለ?" አለች።

ጢሞቴዎስ ቶሎ ብሎ ደረሰ። ዓይንሽ ነው እትዬ፣ ትንሽ ራቅ ብለሽ እዪው አላት። ራቀች፤ ያው ነው። ይሄኔ ሰው ሲያጉረመርም፣ ጢሞቴዎስ ፕላስቲኩ ርካሽ ይሆናል፣ ሥራውም ተቻኩሏል አለ። ቱሪያ ግድግዳውን ተደግፋ ዝም አለች። ከጎኗ የቆመ አንድ የሚያውቃት ሸሚኖ ቀስ ብሎ ፈቀቅ አለ።

"ጢሞቴዎስ፣ ና እዚህ ቁም" አለች፤ ድምጿ ገና ዝቅ ያለ ነበር። "የክራባትህ ቋጠሮ ይታያል? ይታያል። የሸሚዝህ ቁልፍ ክር ይታያል? ይታያል። የእሱ ፊት ግን የለም። ወላሂ ሰውን በጠላትነት ያጠፉ አይቻለሁ፣ በማክበር ያጠፋ ግን ዛሬ አየሁ። ቀን ሙሉ አንተ እያላችሁ ትቀልዱበታላችሁ፤ ፎቶ ሲሆን ንጉሥ አደረጋችሁትና ከመሀላችሁ አወጣችሁት። እኔም እያወቅሁ እጄን አጣጥፌ አየኋችሁ።" ከዚያ ድምጿ ከፍ ማለት ጀመረ፤ የቀረውን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፣ ቀፊራ ያሉ የሽንኩርት ሻጮች ሰምተውታል። ስትጨርስ ወንበር ላይ ወጥታ ፎቶውን ከሚስማሩ ነቀለች፣ ተሸክማ ሄደች።

ቁጣ ሥራ ያሠራል። ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠችና ያነሳቻቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያንሸራተተች፣ የጋሽ ወልዴ ፊት በሁሉም ላይ አንድ ቦታ እንዲያርፍ አደረገች። መስታወቱ ላይ ያረፈች ዝንብ ማለት አሁን እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ወደ ኋላ ሰመጠ። ጢሞቴዎስ ከነክራባቱ ጭጋግ ሲሆን ቱሪያ ብቻዋን ሳቀች፤ የእጁን ያገኘ መሰላት። በትንሹ አትማ ትኩሱን ይዛ በባጃጅ ጋሽ ወልዴ ቤት ገሰገሰች።

እሱ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ነበር። ፎቶውን ተቀብሎ ወዲያና ወዲህ አዘነበለ። ፊቱ ጥርት ብሏል፤ እሱ ግን ከራሱ ፊት አልፎ ወደ ኋላ ይመለከት ነበር።

"ጓደኞቼ የት ገቡ?" አላት።

ከኋላህ ናቸው አለችው። ራሱን ነቀነቀ። "ሐዲድ ስንሸከም ከኋላዬ የቆመ ሰው የለም" አለ።

እትዬ ዘርፈሽ በበኩሏ ፎቶውን በአንድ እጇ ይዛ ብዙም አላየችውም። የማን ኮት ነው ይሄ? ይሄን የተላጨ ሚኒስትር እኔ አላውቀውም ብላ መለሰችላት። ቱሪያ ፎቶውን ተቀበለች። አቦ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ይሻላቸዋል እያለች በሩን ሳትዘጋ ወጣች። ስታነሳ ደብዛዛ ነው ይሏታል፣ ስታጠራ አናውቀውም ይሏታል። ባጃጁ ደቻቱን እየተሻገረ ሳለ ግን የሽማግሌው ቃል ተመልሶ መጣባት። ሐዲድ የሚሸከሙ ሰዎች እንዴት ነው የሚቆሙት? አንዱ ከአንዱ ጎን፣ በአንድ መስመር። ከፊት የሚቆም የለም፣ ጀርባም የሚሰጥ የለም። በአንድ መስመር የቆመ ሁሉ ደግሞ አንድ ገጽ ላይ ያርፋል። ይህን ሳታስብ ሦስት ረድፍ በማንሳቷ እንደገና ተናደደች፤ አሁን የተናደደችው በራሷ ብቻ ነው።

ሁሉም በአንድ መስመር ቆመው እንደገና እንዲነሱ ጢሞቴዎስን ለማሳመን ሄደች። አኩርፎ ነበር። ታላቁን ከታናናሾቹ እኩል አሰለፉት ይሉናል አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሽማግሌዎቹ ዳግም ሊነሱ በተቀጣጠሩበት ቀንም ወደ አሮጌው ሐዲድ ዳር ያንኑ ባለ መደገፊያ ወንበር ተሸክሞ መጣ። ቱሪያ አይታ አለፈችው። ካሜራዋን የምታንሸራትትበትን ትንሹን ሐዲድ ከትልቁ ሐዲድ ጋር ትይዩ አድርጋ ዘረጋች።

ጋሽ ወልዴ በገዛ ሸሚዙ፣ በሰው ተደግፎ መጣ። ወንበሩን አየው። በአጠገቡ አለፈና ሐዲዱ ጋ ሲደርስ የደገፈውን ሰው ለቀቀ። የጫማውን አፍንጫ ብረቱ ላይ አስነካ፣ ጉልበቱን ትንሽ ሸብረክ አደረገ፣ ከዚያ ከደከመ ደረቱ ማንም ያልጠበቀው ድምፅ ወጣ። "ኦ… ኢስ!" ከፈረንሳዮቹ ዘመን ጀምሮ ሐዲድ ሲነሳ የሚጮኸው ጥሪ ነው። ሽማግሌዎቹ አልተመካከሩም። እግራቸው ነው የሰማው፤ አንካሳውም ጎባጣውም ብረቱ ላይ ጫማውን አስነክቶ ትከሻ ለትከሻ ቆመ።

በሕይወቱ ሐዲድ ተሸክሞ የማያውቀው ጢሞቴዎስ ወንበሩን እንደያዘ ቀረ። ወደ የት እንደሚሄድ አላወቀም።

"ዋሪያ፣ ወንበሩን ጣልና ና" አለው ጋሽ ወልዴ። ጢሞቴዎስ ጣለው፤ መጥቶም ከጎኑ ቆመ፤ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ቱሪያ ትንፋሻችሁን ያዙ አለች። ካሜራው ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሲንሸራተት ከእነዚያ ሰዎች አንዱ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላቸው አሮጌዎቹ ፉርጎዎችና ተራራው ብቻ ወደ ጥልቁ ሰመጡ፤ እነሱ ቢደበዝዙ ማን ይቀየማል።

ፎቶው ያን ሳምንት መድረስ ነበረበት። ሸንተረራሙ ፕላስቲክ ግን አልቆባት፣ የሚያመጣላት ነጋዴ ዕቃውን ጅቡቲ ላይ አስይዞ ነገ ነገ ይላት ጀመር። ቱሪያ በአማርኛ ጮኸችበት፣ በሶማሊኛ ጮኸችበት፣ በኦሮምኛም ጨመረችለት። ጋሽ ወልዴ በየቀኑ ደረሰ ወይ ብሎ ይልክባታል። አንድ ማለዳ ከጋሽ ወልዴ ግቢ የተሰማው የእትዬ ዘርፈሽ ድምፅ የቁጣ አልነበረም፤ ሰፈሩ ወዲያው ገባው። ፕላስቲኩ የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። ቱሪያ ፎቶውን እየለጠፈች ነጋዴውን ረገመች፣ ጅቡቲን ረገመች፣ ትንሽ መቆየት ምን ይጎዳህ ነበር ብላ ሟቹንም ተቆጣችው። ሸንተረሩ ግን መስመሩን አልሳተም።

ለቅሶ ቤቱ ገና ሰው አልተለየውም። ቱሪያ ከጢሞቴዎስ ጋር ግራና ቀኝ ይዘው ገቡና ፎቶውን እትዬ ዘርፈሽ ፊት ግድግዳ አስደገፉት። ባሏ ከተቀበረ ጀምሮ አፍ አውጥታ አላለቀሰችም፤ ሰው ደግ ነበር፣ ታላቅ ነበር፣ አባታችን ነበር ሲል ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ትሰማ ነበር። አሁን መስመሩን ከዳር ጀምራ አየች። የተጨናበሰውን ዓይን፣ የተሰበረውን ጥርስ፣ የእያንዳንዱን ሰው ሽብሽብ። ባሏ ጋ ስትደርስ በጉልበቷ ተጠጋች። እጇን ሰደደች፤ አሁን አየር አልዘገነችም። ጣቷ ልክ ጉንጩ ላይ አረፈ። ወደ ታች ወረደ። ከግራ ጉንጩ ሥር፣ መላጫው የዘለላት ቦታ ላይ፣ ነጫጭ ጸጉር አንድ በአንድ ይታይ ነበር።

"ይኸው" አለች። "ይኸው፣ ዛሬም ትቶታል። ስንት ዘመን ነገርኩህ፣ አንተ ሰውዬ? ስንት ዘመን? ፎቶ ልትነሳ እየሄድክ እንኳ አንድ ጊዜ ዳሰስ አታደርገውም? ሁሉም ተላጭተው፣ ጢሞቴዎስ እንኳ ተላጭቶ፣ አንተ ብቻ…"

ድምጿ እየጨመረ ሄደ፤ እንባዋም አብሮት ወረደ። ጣቷን ግን ከዚያች ቦታ አላነሳችም። ሴቶቹ ሊይዟት፣ ሊያባብሏት ተነሱ። ቱሪያ በመሀላቸው ገብታ መንገድ ዘጋችባቸው።

"ተዋት" አለች። "ትቆጣው።"